ሦስተኛው አለቃ

አለቃ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከደጀ ሰላም አይደለም፣ ከጌም ቤት ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሰው ቢስቅብኝ አልቀየምም፤ እኔም አንዳንዴ እጀምርና መሐል ላይ እተወዋለሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ባየህ ወረታ ውስጥ፣ የአክስታችን የሸዋነሽ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጓዳ ተደብቆ ነበር። ሰው ገድሎ ነው። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ስናገረው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን በዚህ ቃል የሚጠራው አልነበረም፤ እናቴ ጸሐይነሽ «ያ ነገር» ነበር የምትለው፣ ሸዋነሽ ደግሞ «የጥቅምቱ»።

የጥቅምቱ ነገር እንዲህ ነው። አንለይ የሚባል የጎረቤት መንደር ሰው ላሞች ሊታጨድ ጥቂት ቀን የቀረው ሩዛችን ውስጥ ገቡ። ባየህ ሊያስወጣቸው ሄደ፣ ተሰዳደቡ፣ ዱላ ተማዘዙ። አንድ ምት ብቻ ነው ይላሉ ያዩት። አንለይ በእግሩ ቤቱ ገባ፣ እራቱንም በላ፤ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ባየህ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ ቤታችን ውስጥ ወንድ የሚባል እሱ ብቻ ነው። ፖሊስ ይፈልገዋል፤ የአንለይ ወንድሞችም ይፈልጉታል። ፖሊስ ቢያገኘው ይታሰራል፣ ወንድሞቹ ቢያገኙት ይሞታል። ይህን ያህሉን እኔም አውቅ ነበር። ቤቱን ዘግተን እኔና እናቴ ወረታ አንድ ክፍል ተከራይተን ገባን።

ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርሁ። ልጅ ለአክስቷ ምሳ ይዛ ስትሄድ ማን ልብ ይላል? እናቴ ሳህኑን ከድና በፌስታል ታስርና በር ላይ ቆማ «አትሩጭ፣ አትጎተችም፤ ሰው ቢጠራሽ አቤት ብለሽ እለፊ» ትለኛለች። ባጃጅ ከኋላዬ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዞር ሳልል ሳህኑን በሁለት እጄ አቅፋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ስደርስ ግን ወፍጮው ሲያጓራ እሰማና ትንፋሼ ይመለሳል፣ እዚያ ውስጥ ሰው የሰው ድምፅ አይሰማምና። መሬቱ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፣ እብቁ አየር ላይ ይበናል፣ ጉሮሮ ያሳክካል። ሸዋነሽ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ከጆንያዎቹ መሐል ትወጣና ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ ጓዳውን ትከፍትልኛለች።

ጓዳው ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ፕሌስቴሽን ነበረ። ከሸዋነሽ ቤት ተከራይቶ ጌም ቤት የከፈተ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አደራ ትቶት የሄደ ነው። ከሲዲዎቹ ሳይጫጫር የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ባየህ ያንን እያጫወተ ሦስት ወር ቆየ፤ እኔም ምሳ ባደረስሁ ቁጥር አንድ ሰዓት ያህል አብሬው እቀመጣለሁ።

ጌሙ ውስጥ ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው አለ። ግንቡን ተጠግቶ ይሄዳል፣ ሣር ውስጥ ይተኛል፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ይይዛል። መዋጋቱ እምብዛም አይሆንለትም፤ ዘበኞቹ ካዩት አበቃለት። በየምዕራፉ ማብቂያ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰውዬ ይጠብቀዋል። የወረታ ልጆች እሱን ነው አለቃ የሚሉት። «አለቃው ጋ ደረስህ?» «አለቃው በላኝ» ይባባላሉ። እኛ ሰፈር የቤተ ክርስቲያኑ ሹም ቄሰ ገበዝ ነበር የሚባሉት፤ ስለዚህ አለቃ ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅ ክፉ ሰውዬ።

አለቃውን ሲያልፉት ምርቃት ይሰጣል። ምርቃት ያሉትም ልጆቹ ናቸው፣ ቲማቲም ሻጭ መዝና ከጨረሰች በኋላ ጣል እንደምታደርጋት ዓይነት። ጽሑፉ የቻይና ይሁን የጃፓን እንጃ፣ እኛ ሥዕሉን ነው የምናነብበው። አራት ሥዕል አለ፦ ጫማ፣ ጆሮ፣ ደረት፣ ክንድ። ጫማውን ከመረጥህ ኮቴህ አይሰማም። ጆሮውን ከመረጥህ ዘበኛው ከግድግዳ ወዲያ ሲራመድ ይሰማሃል። ደረቱ ትንፋሽ ያስረዝማል። ክንዱ ያበረታል። የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

«ጫማውን» አልሁት የመጀመሪያውን፣ ባለ ፋኖሱን አለቃ ያለፍን ቀን።

«ተይ፣ ደረቱን ነው።»

«ጫማውን! ኮቴው ካልተሰማ ማን ያገኘዋል?»

«ሰብሌ፣ ጫማ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ የትም አልሄድም። ትንፋሽ ነው የሚያስፈልገኝ» አለና ደረቱን ተጫነው። ኮረፍሁ። «እኔ» ማለቱን ልብ ያልሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አለቃ ባለ ውሻ ነበር። እሱን አምስት ቀን ታገልነው። ውሾቹ ያሸትቱሃል፤ ነፋሱ ከኋላህ ከሆነ ሣሩ አያስጥልህም። ባየህ ጭቃ ውስጥ ተንከባልሎ ሽታውን አጠፋ፣ ከሰውዬው ጀርባ ደረሰ፣ ጆይስቲኩን ጫን አድርጎ አንድ ጊዜ መታው። ሰውዬው ተዘረረ። እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብሁ።

«ገደልኸው! ባዬ፣ በአንድ ምት ገደልኸው!»

ጆይስቲኩ ከእጁ ወደቀ። ግድግዳውን ይዞ ተነሣና ጥግ ላይ ባለው ባልዲ አስመለሰ። እኔ ምሳው የተበላሸ መስሎኝ ወጡን አሸተትሁት። ለእናቴም «ወጡ አሞታል» ብዬ ነገርኋት፤ በማግስቱ አልጫ ሠራችለት። ምርቃቱን ለመምረጥ ያን ቀን አቅም አልነበረውም፤ በኋላም ጆሮውን ወሰደ። ክንዱን አንድ ቀን እንኳ አልነካውም።

ሜሞሪ የሚባለው ነገር አልነበረንም። መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፦ ያለፍናቸው አለቆች፣ የመረጥነው ምርቃት፣ ጠቅላላ። ከባለ ፋኖሱ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሌት ተቀን አይጠፋም፤ ባየህ በጨርቅ እያራገበ ያቀዘቅዘዋል። ወፍጮው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሁለታችንም ቀና እንላለን። ሦስት ጊዜ ሁለተኛውን አልፈን ሦስተኛው ዘንድ ስንደርስ ሦስቱንም ጊዜ መብራት ሄደብን። እኔ በሦስተኛው አለቀስሁ። ባየህ ሳቀና «ምን ቸገረሽ፣ እኔ ቀኑ ሞልቶልኛል» አለኝ።

ሦስተኛው አለቃ ሌላ ዓይነት ነበር። ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ለብሷል፣ ነጭ ጥምጥም አለው፣ በትር ይዟል። ሰይፍ የለውም፣ አይሮጥም፣ አይጮህም። ቀስ እያለ ይመጣል፤ እጅህን አንዴ ከያዘ የቀረችህ ነፍስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታልቃለች። ብትመታው አይሰማውም። እኔ ይህን ሰውዬ ፈራሁት፣ በሕልሜም መጣብኝ። በልቤም አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፦ እሱን ካለፍን ባየህ ነፃ ይወጣል። ማን ነገረሽ ብትሉኝ ማንም።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ምሳ አድርሼ ልወጣ ስል ሸዋነሽ ጓዳውን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር መለሰች። እናቴም መጥታ ነበር። ሁለቱ ከጆንያው ክምር ጀርባ ቆሙ። ወፍጮው ቀበቶው ተበጥሶ ስለነበር ያን ሰዓት ጸጥ ብሏል። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርሁ ሰማኋቸው።

«አለቃ ነገ በስድስት ሰዓት ይመጣሉ» አለች ሸዋነሽ።

«ለሱ ገና አልነገርሁትም።»

«አትንገሪው! እንዴ፣ አታውቂውም? ከሰማ ልቡ ይሸበራል፣ ይጠፋል። አለቃ ራሳቸው እጁን ይዘው ያውጡት።»

እናቴ «ገመዱስ?» አለች።

«ገመዱን እነሱ ይዘው ይመጣሉ። ድንጋዩን ግን ከዚህ ይዞ ይሂድ ተብሏል።»

«እናኑ ፊት?»

«እናኑ ፊት ነዋ። በደረቱ መሬት ይተኛል። አይዞሽ እህቴ፣ ነገ ደሙ ይደርቅና ትገላገያለሽ።»

እናኑ የአንለይ እናት ናት። እናቴ ስሟን በሰማች ቁጥር ታማትብ ነበር። አሁንም አማተበች፣ ከዚያም ማልቀስ ጀመረች፣ ሸዋነሽም አቀፈቻት። ይህን ሁሉ አየሁ። ሁለቱ ሴቶች ወንድሜን አሳልፈው ሊሰጡት እንደሆነ ገባኝ። በገመድ ያስሩታል፣ በድንጋይ ይመቱታል፣ እናኑ እያየች ደሙ መሬት ላይ ፈስሶ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። አለቃው ደግሞ እጁን ይይዘዋል። እጁን ከተያዘ እንዳለቀለት እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ዛሬ ለልጆች እንኳ የምነግራቸው ነገር ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ገዳዩ አንገቱ ላይ ገመድ አግብቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል። ካህኑ መስቀል ይዘው መሐል ይቆማሉ። የሟች እናት ወይም አባት ድንጋዩን ከጫንቃው ካነሡለት ደሙ ደረቀ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን አያነሣበትም። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ወስደው ለሕግ ያስረክቡት ነበር። ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ይኖራል። እናቴ ሦስት ወር ሙሉ በየሽማግሌው ደጅ የወደቀችው ይህን ለማግኘት ነው። ያለቀሰችውም ተገኘልኝ ብላ ነው።

ያን ቀን ማታ እህል አልዋጥሁም። እናቴ ግንባሬን ዳብሳ «ልጅቱ ታማለች እንዴ» አለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ጠላኋት፣ እውነቴን ነው፤ በሕይወቴ እናቴን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ምሳውን ቀደም ብዬ፣ አምስት ሰዓት ላይ ወሰድሁት። ሸዋነሽ «ዛሬስ ፈጠንሽ» ብላ ከፈተችልኝና ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። ወፍጮው ተጠግኖ ያጓራል። ባየህ እንደገና ሁለተኛውን አለቃ አልፎ፣ ምርቃት መምረጫው ላይ አቁሞ እኔን ይጠብቃል።

«ነይ፣ የዛሬውን አንች ምረጭ» አለኝ።

«ባዬ፣ አለቃው ዛሬ ይመጣል።»

«እህ፣ ይምጣ። ዛሬ መብራት ካልከዳን እናሳየዋለን።»

«የጌሙን አይደለም! እውነተኛው። እናቴና ሸዋነሽ ሲያወሩ ሰማሁ። በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ እጅህን ይዞ ያወጣሃል፣ በገመድ ያስሩሃል።»

ፊቱ ከሸዋነሽ ቅንድብ የባሰ ነጣ።

እዚህ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳሰብሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሸዋነሽ ያለችው «ይመጣሉ» ነው። እኔ «ይመጣል» አልሁት። ለክፉ ሰው ማን «አንቱ» ይላል? እነሱ ፈርተውት ነው ያከበሩት ብዬ እኔ ክብሩን ገፈፍሁት። ያችን አንዲት ፊደል ባልነካት ኖሮ ባየህ ካህን እንደሚመጡ ወዲያው ይገባው ነበር። ስለ ድንጋዩና ስለ እናኑ ብነግረውም ይገባው ነበር። ግን እሱን ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ፤ ስለ ደሙ ሰምቶ እንዳይፈራ ራራሁለት። ራራሁለት!

«የትኛው አለቃ?» አለኝ ትከሻዬን ይዞ። «ሃምሳ አለቃው? የፖሊሱ?»

ሃምሳ አለቃ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሃምሳ መባሉ ግን የባሰ እንደሆነ ነገረኝ።

«አዎ» አልሁት። «ሃምሳው።»

ባየህ ጫማውን አጠለቀ። ጓዳው ከኋላ በኩል ትንሽ መስኮት ነበረው፤ ከመስኮቱ ሥር እብቅ ተከምሯል፣ ከእብቁ ወዲያ የታጨደ የሩዝ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። የመስኮቱን ቆርቆሮ ሲገነጥለው ወፍጮው ድምፁን ዋጠው። ጆይስቲኩን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ተጫወች። ድምፁ እንዳይቋረጥ። እዚህ ያለሁ ይምሰላቸው።»

ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ እብቅ እብቅ ይል ነበር። በመስኮቱ ወጣ፤ እግሩ እብቁ ውስጥ ሲሰምጥ አየሁ፣ ከዚያ አላየሁትም።

ቴሌቪዥኑ ላይ አራቱ ሥዕሎች እንደቆሙ ናቸው። ጫማውን መረጥሁ። ጫማውን ስጫን የባየህ ኮቴ አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፤ በሜዳው ሲሮጥ ማንም እንዳይሰማው በመድኃኔ ዓለም ስም ተጫንሁት። ከዚያ ገባሁ። ነጭ ለባሹ ከግቢው ማዶ ቆሟል። መራመድ ጀመረ። እኔ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እሄዳለሁ፤ እጄ ስለላበው ጆይስቲኩ ያንሸራትተኛል። ለብቻዬ ይህን ያህል ርቄ አላውቅም። አንዴ አጠገቤ ደርሶ ቆመ፣ ትንፋሽ መያዣውን ተጭኜ እኔም የራሴን ትንፋሽ ያዝሁ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። አለፈ። አልፎኝ ሄደ! በሩ ከፊቴ ሃያ እርምጃ ነው።

ከኋላዬ ቁልፉ ተንቋቋ።

ዞር አልሁ። በሩ ላይ ነጭ የለበሰ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ፣ በትር የያዘ ሰውዬ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ፈገግ አለ፣ ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ጆይስቲኩን ጥዬ ሁለቱንም እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ።

አለቃ ተክለ ማርያም ነበሩ። የዘረጉት የእጅ መስቀላቸውን ነው፣ እንድሳለመው። ከይፋግ በኩል በጠዋት ተነሥተው የመጡ የሰባ ዓመት ሰው፤ ሁለቱንም ወገን አስምለውና ገዝተው ያስማሙ እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማረው።

«ልጄ፣ ወንድምሽስ?» አሉኝ።

«ሽንት ቤት ነው» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«እንግዲያ እንጠብቀዋለን» ብለው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ እናቴ። እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ ነበር። ዓይኗ ከፍራሹ ወደ ባልዲው፣ ከባልዲው ወደ መስኮቱ ሄደ። እኔ የማደርገው ሲጠፋኝ ጆይስቲኩን አነሣሁ። ድምፁ እንዳይቋረጥ ብሎኛላ። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

«ጸሐይነሽ» አሉ አለቃ ቀስ ብለው፣ «መስኮቱ ክፍት ነው።»

እናቴ አልጮኸችም። እኔን አየችኝ፤ እኔም «ሄዷል» በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ምንም። ወጣች። ከወፍጮው በር አጠገብ ለባየህ የተዘጋጀ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ ጫንቃዋ ላይ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋ ተቀደደ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ተይ፣ ሴት አይሸከምም» አሉ። «እናኑ እየጠበቀች ነው» አለቻቸው።

እኔ እዚያ አልሄድሁም፤ የነገሩኝን ነው የምናገረው። እናቴ እርቁ የተቀጠረበት ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ፊት በደረቷ ተኛች። የአንለይ ወንድሞች ፊታቸውን አዞሩ። እናኑ ብዙ ቆመች አሉ፣ ጸሐይ እስኪያዘነብል። በመጨረሻ «አንች ምን አደረግሽኝ? አንችም እናት ነሽ። ልጄን የገደለው ይምጣና ዓይኑን ልየው» ብላ ሄደች። ድንጋዩን ያነሡላት አለቃ ናቸው። ሽማግሌዎቹም ንቀውናል ብለው ተበተኑ። ከዚያ ወዲያ ለእርቅ ደጃቸውን የከፈተልን የለም። ማሳችንን ጥለን ቀረን። ባየህ መተማ ተሰማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ አሁን ጁባ የውሃ ቦቴ ይነዳል።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀው፦ ማን ነገረው? ባየህ ሲደውል ብትጠይቀውም ስም አይጠራላትም። ከቤታችን ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እሷና ሸዋነሽ። እኔን ማንም አልቆጠረኝም፤ ሲያወሩ መስማቴን አላወቁም። ሸዋነሽ «በማርያም አልተናገርሁም» ብላ ማለች፤ እናቴ አላመነቻትም። ሁለት እህትማማቾች፣ በአንድ ከተማ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጡም። በለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት።

እኔ የገባኝ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። በጥምቀት ዕለት አንድ ዲያቆን «አለቃ እየመጡ ነው፣ መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ቀና ስል እሳቸው ናቸው፣ በነጭ ጥምጥማቸው። ከሰው ጀርባ ተሸሸግሁ። ያን ቀን ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። ልጅ ሆኜ ያጠፋሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ እላለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዝም ላልሁት ግን ምን እንደምል አላውቅም። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ባሕር ዳር ሞባይል የምጠግንበት ሱቅ ተቀምጫለሁ፣ ባየህ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ኔትወርክ አወራን። ሊዘጋው ሲል «ቆይ» አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት። «ይመጣሉ» እንደነበረ፣ «ይመጣል» እንዳልሁ፣ የመጡት አለቃ ተክለ ማርያም እንደነበሩ፣ ገመዱ ለእርቅ እንደነበረ። እየተናገርሁ እንባዬ የፈታሁት ሞባይል ላይ ይንጠባጠባል። «ቤታችንን ያፈረስሁት እኔ ነኝ፣ ባዬ» አልሁት።

የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ።

«አይቻቸዋለሁ» አለ።

«ማንን?»

«አለቃን። ሩቅ አልሄድሁም ነበር። እብቁ ክምር ውስጥ ነበርሁ፤ በዚያ በኩል የወፍጮው በር ይታያል። ጥምጥማቸውን አየሁት፣ መስቀላቸውን አየሁት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

«አንች ስትነግሪኝ የምሬን ፖሊስ መስሎኝ ነው የዘለልሁት፣ እምልልሻለሁ። እሳቸውን ሳይ ግን…»

«ግን ምን?»

«ደስ አለኝ» አለ። «በደህና ወጥቻለሁ ብዬ ደስ አለኝ። የእናኑን ዓይን ከማይ ብሞት ይሻለኝ ነበር።»

«እናታችን ድንጋዩን ስታነሣስ?»

ጁባ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«እሷንም አየኋት።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ተናደድሁ፤ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ስምንት ዓመት የእኔ ብዬ የተሸከምሁት የእሱ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር፣ በየወሩ ሲደውል ያውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ሰብሌ፣ አንች አይደለሽም» አላለኝም። ሱቁን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሐሙሲት ላይ ተሳፋሪ ሲወርድና ሲሳፈር ሹፌሩን ልጮህበት ደረስሁ።

እናቴን ሩዝ እየለቀመች አገኘኋት። ነጠላዬን ሳላወርድ ነገርኋት፤ ከጆንያው ጀርባ ከሰማሁት ጀምሮ እስከ መስኮቱ፣ ዛሬ ለባየህ በስልክ መንገሬንም። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ሸዋነሽ አይደለችም?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

በጥፊ መታችኝ። አንድ ጊዜ፣ በደንብ አድርጋ። ጉንጬ ጋለ፤ ይገባኝ ነበር። ከዚያ የመታችበትን እጅ በሌላው እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች። ተነሣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ የተሻለውን ነጠላዋን አወረደች።

«ተነሽ» አለች። «እህቴ ዘንድ እንሂድ። ሳይመሽ።»

በአስፋልቱ ዳር ተከትያት ሄድሁ። ከፊቴ ነው የምትሄደው፤ ወገቧ ጎብጧል። የወፍጮው ድምፅ መሰማት ሲጀምር ድንገት ቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ባየህስ?» አለች። «ዛሬ ስትነግሪው ምን አለ?»

ያየው ሁሉ አፌ ላይ መጣ። እዚያው ላወጣው ነበር።

«አለቀሰ» አልኋት።

«ምስኪን ልጄ» አለችና እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።